ለዋሊድ የምንገዛው መኪና

አሶሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐመድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም ልጆችህም፣ ጎማ ቤት አብረውህ የሚሠሩትም ሁሉ በሰላም ያላችሁ ይሁን። ስልክ እያለ ለምን እጽፋለሁ ብለህ እንዳትቆጣኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ባሌ ዋሊድ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። ስልኬን ይዤ ወደ ግቢ ስወጣ እንኳ "ለወንድሜ ምን ልትነግሪብኝ ነው?" ይለኛል። ስለዚህ በስልክ የምነግርህ እሱ ቢሰማው የማይጎዳውን ነው፤ የቀረውን በወረቀት እልክልሃለሁ። በቤታችን ቋንቋ መጻፍ ሁለታችንም አልተማርንምና በተማርንበት በአማርኛ ይሁን።

ስለ መኪናው ለጠየቅከኝ መልሴ ይኸው። ወንድሜ፣ እኔ መኪናውን ለመንገድ አይደለም የምፈልገው። ለሶኬቱ ነው።

አንተ መጨረሻ ያየኸው ዋሊድ ምርኩዝ ይዞ መስጊድ የሚሄደውን ነው። እሱ አሁን የለም። የኦክስጅን ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ተሰክቶ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቱቦውን ከአፍንጫው ካወለቀ እስከ በሩ መድረስ አይችልም። መንጌ ወረዳ የወርቁን ድንጋይ በወፍጮ ሲያስፈጭ የዋጠው ብናኝ ሳንባው ውስጥ ቀርቷል፤ ሐኪሞቹ አይወጣም ብለውኛል። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጀነሬተር እለምናለሁ። ጀነሬተሩ ሲገኝ ቤንዚን የለም። በሃይላንድ የሚሸጡትን ስገዛ አንዳንዴ ውኃ ተቀላቅሎበት አገኘዋለሁ።

ባለፈው ወር መምህራን ለስብሰባ ተጠርተን ነበር። መብራት ጠፋ። ስብሰባውን የጠራው ድርጅት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ነበረው። ሹፌሩ መኪናውን ወደ አዳራሹ በር አስጠግቶ ከውስጡ ገመድ አወጣና ድምፅ ማጉያውን ሰካበት። እስከ መጨረሻው ሠራ። ወጥቼ "የበሽተኛ ማሽንስ ያሠራል?" አልኩት። "ምን ችግር አለው? ለቀናት ይይዝልሻል" አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ባልደረቦቼ የኃላፊው ንግግር ነክቷት ነው ብለው ሳቁብኝ።

አንተ ፎቶውን የላክህልኝ ሃይብሪድ ቤንዚንም ኤሌክትሪክም አለው፤ ገብቶኛል። ግን ባትሪው ትንሽ ነው አሉኝ። እሱ ሲያልቅ ሞተሩ መነሳት አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ ቤንዚን ይፈልጋል። ቤንዚኑን ከየት ላምጣ? የመንጌው ወፍጮ የተሸጠበት ገንዘብ አንተ እጅ ላይ ነው፤ ተስፋዬም እዚያው ነው። እባክህን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደውን ግዛልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ስርጉት አብራኝ የምታስተምር ናት። መልስህን በእሷ ላክልኝ።

እህትህ ኢቲዳል


አዲስ አበባ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኢቲዳል፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ስርጉት ሱቄ ድረስ መጥታ ደብዳቤሽን ሰጠችኝ። ሻይ ጠጪ ብላት እምቢ አለች። ደብዳቤውን አንብቤ ሥራ አልሠራሁም፤ ጎማ ሊያስቀይር የመጣውን ሰው ሳይቀር መልሼዋለሁ።

ያልሽው ገብቶኛል። እንዳልገባኝ አትቁጠሪው። ግን እኔ ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከእናንተ እስከ ነቀምት፣ ከነቀምት እስከዚህ ያለውን መንገድ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አውቀዋለሁ። መኪና ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ የለም። በወታደር እጀባ ሲኬድ ደግሞ መቆም የለም፤ "ጠብቁኝ፣ ሆቴል ገብቼ ልሰካው" ብትይ ማን ይሰማሻል? ሃይብሪዱ ግን ባትሪው ሲያልቅ ነዳጅ አለው። ነዳጁን ከዚህ በጄሪካን ይዤ እመጣለሁ።

ለምን መንገድ መንገድ ትላለህ ብትይኝ፣ ዋሊድን እዚያ አልተወውም። በአውሮፕላንስ ብትይኝ፣ ጠይቄያለሁ። ሐኪም ፈርሞ ካልሰጠ አይጭኑትም፤ የሚፈርም ሐኪም ደግሞ አላገኘሁም። ስለዚህ በመኪና ነው። የኋላውን ወንበር እናጥፍና ፍራሽ እናነጥፋለን፤ ማሽኑም መኪናው ውስጥ ይሠራል። የላክሽልኝን ራጅ ይዤ ትልቅ የሳንባ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄጄ ነበር። ይምጣ ብሎኛል።

ለሃይብሪዱ ቀብድ ከፍያለሁ። አታኩርፊ። እናታችን ስትሞት ዋሊድ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ከአልጋ አጠገብ ገመድ ዘርግቼ ቁጭ በል ልለው አልችልም።

ልጄን ነዕማን ባምባሲ ሄደሽ እይልኝ። በስልክ ደኅና ነኝ ትለኛለች፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ምን ታውቃለች? እናቷ ብትኖር አላስቸግርሽም ነበር። አሁን እናቷ አንቺ ነሽ።

የእናንተ ሐኪም ስለ መንገዱ ምን ይላል? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሐመድ


አሶሳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐመድ፣

በመጀመሪያ ይቅርታህን እለምናለሁ። ማክሰኞ ስትደውል "ተኝቷል" ያልኩህ ውሸቴን ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነበርን። ከኋላዬ የሰማኸውና ሠርግ ነው ያልኩህ ጫጫታ የበሽተኛ ቤተሰቦች ነበር።

መብራት ጠዋት ጠፋ። ጀነሬተሩን አስነሳሁት፤ እየተንተባተበ ቆመ። ባጃጅ ጠራሁ። ባለ ባጃጁና እኔ ዋሊድን በአንሶላ ይዘን አወጣነው። ክብደቱ ያስደነግጣል ወንድሜ፤ እንደ ልጅ ቀሏል። ከንፈሩ ተለውጦ ነበር። መንገድ ላይ እጄን ያዘና "ኢቲዳል፣ ቀስ በዪ... ጉድጓድ አለ" አለኝ። ባጃጁን የምነዳው እኔ መስሎታል። ሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደር ስለነበራቸው ተረፈ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሐመድ ደውሏል?" ብሎ ነው።

ስለ መንገዱ ሐኪማችንን ጠየቅኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ወንበር ሲስብ ነው ያወቅኩት። "አዲስ አበባ ከአሶሳ በጣም ከፍ ያለ ነው" አለኝ። "ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ባለቤትሽ እዚህ በማሽን ተደግፎ በጭንቅ ነው የሚተነፍሰው። ተራራውን ሲወጡ ማሽኑ አይበቃውም።" ታዲያ የእናንተ ስፔሻሊስት ይህን አያውቅም? እንዴት ይምጣ ይላል? ሐመድ፣ የጻፍክልኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ሐኪሙ ሌላ ምን አለ? ቃል በቃል ንገረኝ። አልቀየምህም።

ረመዳን ሊገባ ነው። ዋሊድ እጾማለሁ ይላል። "በሽተኛ ነህ፣ አላህ ፈቅዶልሃል" ብለው "ለእኔ የተፈቀደልኝ ነገር በዛ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ነዕማን አይቻታለሁ። ሆዷ ገፍቷል። ስትቆጣ ቁርጥ አንተን ናት። ባሏ ዓብዱልላጢፍ ውኃ እየቀዳ፣ ልብስ እያጠበ አገኘሁት፤ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል፣ እሱ ግድ የለውም። ደስ ይበልህ።

መኪናውን በተመለከተ ሐሳቤ አልተለወጠም። ቀብዱ ይቅር። እባክህ።

ኢቲዳል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኢቲዳል፣

ዋሽቼሻለሁ። እየጾምኩ ሌላ ውሸት አልጨምርም።

ስፔሻሊስቱ ይምጣ አላለኝም። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየው። ከዚያ "ወንድምህ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "አጠገቡ ማን አለ?" "ሚስቱ።" "ትንከባከበዋለች?" "ከእናት በላይ።" ፊልሙን ወደ ፖስታው መለሰና "እንግዲያው ከእሷ አትነጥለው" አለኝ። ኦክስጅን ከማግኘት በቀር የሚደረግለት ነገር የለም፤ መንገዱን ላይጨርሰውም ይችላል። ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ የምሄድበት ጠፋኝ፤ ከኋላዬ ያሉት ጮኹብኝ።

ሃይብሪዱን የሙጥኝ ያልኩት ለዚህ ነው። መንገድ የሚሄድ መኪና ከገዛሁ የሚደረስበት ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር። የምትዪውን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ግን "ወንድሜ ከዚያች ክፍል አይወጣም" ብሎ መፈረም ሆነብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ያንን እያወቅሽ ነው ለካ ከመጀመሪያው የለመንሽኝ።

ቀብዱ ቀረ፤ አንቺ እንዳልሽው ይቅር። ትናንት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደውን ገዛሁ። አዲስ አይደለም፤ ባትሪው ግን ተፈትሿል፣ እኔው ራሴ ሱቅ አምጥቼ ማንቆርቆሪያ ሰክቼበት ውኃ አፈላሁ። ጎረቤቶቼ አበደ አሉኝ። ነጭ ነው። ዋፋ የሚባል፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ጭኖ ያመጣልሻል። መንገዱ ሲከፈት ይነሳል።

እኔ አብሬው አልመጣም። ለምን እንዳልመጣሁ አትጠይቂኝ። ለዋሊድ ሥራ በዝቶበት ነው በዪው።

ሐመድ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐመድ፣

አልሐምዱሊላህ፣ ደርሷል። በስልክ "አልተጫረም ወይ?" ብለህ ስትጨነቅ ሳቅኩብህ፤ በግራ በኩል ትንሽ ጭረት አለው፣ ዋፋም ራሱ አሳይቶኛል። ነቀምት ላይ ብዙ ቆሞ ስለነበር አቧራውን ሳጥብ ዋልኩ።

ዋሊድ በመስኮት አየው። "ደጃፋችን ላይ የቆመው የማን ነው?" አለኝ።

"ያንተ ነው" አልኩት።

"ሞተሩን አስነሺው እስቲ።"

ካሌብ፣ ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምረው የመተከል ልጅ፣ ገብቶ አስነሳው። ዋሊድ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ምንም የለም። "አይሰማም" አለ።

"ድምፅ የለውም።"

"እንግዲያው እሱም ታሟል" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ፤ ግን ሳቀ ሐመድ። ከዒድ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁም።

ገመዱን በመስኮቱ አስገብተነዋል። ባለፈው ሳምንት መብራት ለአንድ ቀን ሙሉ ጠፋ። ከማሽኑ ጋር ሰካነው፤ እንደ ወትሮው ሠራ። እኔ ከመኪናው ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ መኪናው ስመላለስ ዋልኩ፤ ዋሊድ "ቁጭ በዪ፣ አደከምሽኝ" እስኪለኝ ድረስ። በነጋታው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቆሜ አንቀላፋሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነዕማ ወሯ እየቀረበ ነው። ባምባሲ ሩቅ አይደለም። ካሌብ መንዳት ይችላል፤ መብራት ባለ ቀን መኪናውን ቻርጅ አድርገን ሄደን ብናመጣትና እኛ ዘንድ ሆና ብትወልድስ? ዋሊድም ይህንኑ ይላል። መልስህን እጠብቃለሁ።

ኢቲዳል


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ኢቲዳል፣

አይሆንም።

መብራት ባለ ቀን ትያለሽ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ነግሮሽ? መንገድ ላይ እያላችሁ ቢጠፋስ? ጎማው ቢፈነዳ፣ ጭቃ ቢይዘው፣ ዋሊድ እቤት ምን ይሆናል? ይህን መኪና መኪና ብለሽ አትጥሪው። ለማንም እንዳትሰጪ። ሙሽራ አጅቡልን ይሉሻል፣ ሬሳ አድርሱልን ይሉሻል፣ አለቃሽም ይለምንሽ ይሆናል። ሐመድ ከልክሎኛል በዪ። እኔን ይጥሉኝ፤ አሶሳ ላይ ስሜ ቢጠፋ ግድ የለኝም።

ለነዕማ አታስቢ። ባሏ ሞተር ብስክሌት አለው። ጤና ጣቢያው ቅርባቸው ነው፣ አምቡላንስም አለ። ሴቶቻችን ሁሉ የወለዱት በዚሁ አይደለም? እሷን ከቤቷ አንስተሽ ሁለት ክፍል ውስጥ ከበሽተኛ ጋር ብታስቀምጫት አንቺም ትደክሚያለሽ፣ እሱም እረፍት ያጣል።

ተቆጥቼ የጻፍኩ መሰለሽ። ፈርቼ ነው።

ለአረፋ እመጣለሁ ያልኩሽን አልረሳሁም። ካልሆነልኝ ግን ዋሊድን እንዲህ በዪልኝ፤ ወንድምህ አንተን ማየት ናፍቆታል፣ አንተን ታሞ ማየት ግን አቅቶታል። አይ፣ ይህንን አትንገሪው። ሥራ በዝቶበት ነው በዪው።

ሐመድ


አሶሳ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐመድ፣

ነዕማ በሕይወት አለች። አስቀድሜ ይህን ልጻፍ። ወንድ ልጅ ወልዳለች። አያት ሆነሃል።

ስልክ ስለሞተ የሰማኸው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ዝናቡ የመብራቱን ምሰሶዎች ጥሏል፤ ከአሶሳ እስከ ባምባሲ ጨለማ ነው። መኪናው ሙሉ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማሽኑ ሳይቋረጥ ሠራ። እኔም ለጎረቤት ስልክ እንኳ ቻርጅ አላደርግም ብዬ፣ አንተ እንዳዘዝከኝ ከሰው ተጣላሁ።

ከዚያ ዓብዱልላጢፍ መጣ። ቤንዚኑ ከተማው ዳር ላይ አልቆበት ሞተሩን እየገፋ ነው የደረሰው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። "ነዕማ ደም እየፈሰሳት ነው" አለኝ። "ጤና ጣቢያው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ አሶሳ አድርሷት ብሎኛል። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም። ማደያውም ደርቋል።" ከዚያ መኪናውን አየው።

ሐመድ፣ እኔ ገመዱን ያዝኩ። በሁለት እጄ ያዝኩትና "አይሆንም" አልኩት። "ይህ መኪና ከዚህ ከሄደ ዋሊድ እስክትመለሱ አይቆይም" አልኩት። ልጅህ ደም እየፈሰሳት እኔ አይሆንም አልኩ። እንድታውቀው ነው የምጽፍልህ፤ ልትቀየመኝ ትችላለህ።

ዋሊድ ከውስጥ ጠራኝ። ገባሁ። ሁሉንም ሰምቷል።

"ማሽኑን... መኪናው ውስጥ ስኪው" አለኝ። "እኔንም... አስገቢኝ።"

"ስንመለስስ? መንገዱ ባትሪውን ይበላዋል። መብራት ባይመጣስ?"

"የሐመድ ልጅ ናት" አለኝ።

"እኔስ?" አልኩት። ከአፌ ወጣ። "እኔስ ዋሊድ?"

እጁን ዘረጋልኝ። "አንቺም... ነይ" አለ።

ካሌብን ጠርተን አስገባነው። ካሌብ ነዳ፤ ዓብዱልላጢፍ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና ዋሊድ ከኋላ፣ ማሽኑ በእግራችን መካከል። ከዚያች ክፍል ከወጣ ስንት ወር ሆኖታል! መስኮቱን ክፈቱልኝ አለ። ዝናቡ ፊቱ ላይ እየገባ እምቢ ብሎ አላዘጋም። ማንጎ የሚሸጡበትን ቦታ አሳየኝ፤ "ገና ሳላገባሽ... እዚህ ጋ... ጠብቄሽ ቀረሽ" አለኝ። ነዕማ ለሞት ደርሳ አንተ ታወራለህ ልለው ነበር፤ ግን አልቻልኩም፤ እኔም ሳቅኩ።

ባምባሲ ስንደርስ አንጥፈን ነዕማን ኋላ ወንበር ላይ አጋደምናት፤ እኔ ከታች ማሽኑ አጠገብ ተኮራመትኩ። ጭንቅላቷን ዋሊድ ጭኑ ላይ አደረገ። እስከ አሶሳ ድረስ ግንባሯን እየደባበሰ "አትተኚ... ነዕማ... አትተኚ" ይላት ነበር። እኔ ፈርቼ የማን ትንፋሽ ቀድሞ እንደሚቋረጥ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉ ጀነሬተሩን ያቆየው ለቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ለእሷ አስነሱላት። ደም የሰጠው ካሌብ ነው። አሁን ተኝታለች። ልጁ ትንሽ ነው፣ ግን ያለቅሳል።

እኛ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኪናው ውስጥ ነን። ሲሊንደሮቹ ባዶ ሆነው መንገድ እስኪከፈት ይጠባበቃሉ፤ የቀሩት ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ናቸው። ዋሊድ ይህን ሲሰማ "አትጠይቂያቸው" አለኝ። አልጠየቅኩም። ካሌብ ጀነሬተር ያለው ሰው ሁሉ በር እያንኳኳ ነው። እስካሁን አልቀናውም።

አውሮፕላኑ ነገ ይመጣል ስላሉ ስርጉት ይህን ለመንገደኛ ትሰጥልኛለች። ስለ ባትሪው አትጠይቀኝ። ዱዓ አድርግልን።

ኢቲዳል


አሶሳ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐመድ፣

በሰላም መግባትህን ሰምቻለሁ። ለሐዘኑ መጥተህ እዚህ የተቀመጥክባቸውን ቀናት ሁሉ ጥያቄህ አፍህ ላይ እንደነበረ አይቻለሁ። ሻይ ሳቀብልህ ቀና ትልና መልሰህ ታቀረቅር ነበር። ነዕማ ከአጠገባችን ስለማትጠፋ እኔም ዕድል አልሰጠሁህም። አሁን ጽፈህ ጠየቅከኝ። በሰው ፊት ከምትጠይቀኝ ይህ ይሻላል።

አዎ። ማሽኑ የቆመው የመኪናው ባትሪ አልቆ ነው።

ደብዳቤውን በላክሁልህ ማግስት ዋሊድ "ቤቴ ውሰዱኝ" አለ። ሐኪሙም አልከለከለም። ካሌብ የባንኩን ጥበቃ፣ የእህል ወፍጮ ያለውን ሰውዬ፣ የቴሌውን ሠራተኞች ሁሉ ለምኖ ነበር። ጀነሬተር ያለው ነዳጅ የለውም። ለራሱ ያስቀረ ቢኖር እንኳ አልሰጠም፤ እኔም አልፈርድም፤ እኔ ራሴ ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር። ቤት ገብተን ገመዱን በመስኮቱ መልሰን አስገባነው። ካሌብ መኪናው ላይ ያለውን የባትሪ ቁጥር እየሮጠ ያይ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተወ።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ። ያንን ድምፅ ለወራት ስሰማው ኖሬ ዝም ሲል ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ። ዋሊድ አልደነገጠም። ቀና አድርጊኝ አለኝ፤ ከኋላው ሆኜ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። ዓብዱልላጢፍ በተማሪዎቼ ደብተር ያራግብለት ነበር። አየር ነው የጎደለው፣ ነፋስ አይደለም፤ ግን ምን ያድርግ? ዋሊድ "ተው" አለው፣ "ክንድህ... ይደክማል።"

አንተን ጠየቀኝ። "ሐመድ ሰምቷል?"

"ደብዳቤው ሄዷል" አልኩት።

"ልጁስ?"

"ያለቅሳል።"

"ያልቅስ" አለ። ከዚያ "ላ ኢላሃ..." ብሎ ሸሃዳውን ጀመረ። እኔ ጨረስኩለት።

ተሠቃይቷል ወይ ብለሃል። አዎ፣ ተሠቃይቷል፤ ረጅም አልነበረም፣ ግን ተሠቃይቷል። ይህን ልደብቅህ አሰብኩና ተውኩት። ከዚህ በኋላ በሁለታችን መካከል የተደበቀ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ሃይብሪዱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ስላልከው ደግሞ እንዲህ ነው። ቀን ከሌት እንደምታስበው አውቃለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁ። ባትሪው ትንሽ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አልቆ ቤንዚን ይጠይቀን ነበር፤ በከተማው ደግሞ ጠብታ አልነበረም። ዋሊድ ዓብዱልላጢፍ ሳይመጣ በፊት ይሞት ነበር። ዓብዱልላጢፍም ሲመጣ የሚያየው የቆመ መኪና ነበር። ሁለት ሬሳ፣ ምናልባትም ሦስት። ይህን እያሰብክ እረፍት ካገኘህ እረፍ። እኔ እረፍት አላገኘሁበትም፤ እውነት መሆኑን ግን አውቃለሁ።

"በልጄ ምክንያት ሞተ" ብለህ የጻፍከውን መስመር አጥቁሬዋለሁ፤ ወረቀቱ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። የሄደው ራሱ ወዶ ነው። መስኮቱን አስከፍቶ፣ ዝናብ እየመታው፣ እንደ ጎረምሳ እያወራኝ ነው የሄደው። ብችል ኖሮ አስቀረው ነበር። አልቻልኩም።

መኪናውን ሽጠው። እስኪሸጥ ድረስ ካሌብ ትምህርት ቤት ግቢ ያቆመዋል። ብዙ ሰው "አንቺ ንጂው፣ ይጠቅምሻል" ይለኛል። በሩን ስከፍት ግን አሁንም የዋሊድ ጉልበት ይታየኛል፤ መቀመጥ አልችልም።

አሁን እኔ ልለምንህ። ነዕማ ኃይሏ እየተመለሰ ነው፤ ልጁም ጡት ይዟል። ግን ዓይኔን እያየች ደጋግማ ትጠይቀኛለች። "አጎቴ ሲሞት ማሽኑ ይሠራ ነበር?" ትለኛለች። ይሠራ ነበር አልኳት። መብራት መጥቶ ነበር፣ ቀኑ ደርሶ ነው አልኳት። ዓብዱልላጢፍ ይህንኑ ይላል። ካሌብም ምሏል። የቀረኸው አንተ ነህ። በስልክ ስትጠይቅህ ድምፅህ እንዳይንቀጠቀጥ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የቀረ ዕድሜዋን ሁሉ ይህን ተሸክማ እንድትኖር ዋሊድ አይፈልግም ነበር።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው፣ ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ። በጠራራ ፀሐይ የግቢው አምፖል በራ። ሴቶቹ ሳያዩ ተነስቼ አጠፋሁት።

እህትህ ኢቲዳል